የጠዋት ፈረቃ ክር

የጠዋት ፈረቃ ክር ለምን ከልኩ በላይ ይቀጥናል? የማሽን ሠራተኛዋ ድራሆሚራ ልትፈታ የተነሳችው ይህንን ነበር።

ሊበሬትስ በተባለችው የቼክ ከተማ ያለው ፋብሪካቸው የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ ይሠራል። በውሃ የሟሟ ፖሊመር፣ ሙጫ መሰል ነገር፣ ከመርፌ ጫፍ ጠብ ሊል ሲል ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይስበዋል፤ ጠብታው ክር ሆኖ አየር ላይ እየተገረፈና እየደረቀ ፊት ለፊት ካለው ብረት ላይ ያርፋል። ልኩ ከፀጉር ሁለት መቶ ጊዜ የቀጠነ ነው። ከዚያ በላይ ከቀጠነ ግን ጨርቁ አይረባም።

በኅዳር ጥፋቱ ፖሊመሩን በምታሟሟው በጓደኛዋ በዝዴና ተላከከና ዝዴና ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወረች። ክሩም ተስተካከለ። በሚያዝያ ግን ችግሩ ተመለሰ።

ድራሆሚራ አንድ በአንድ ፈተሸች። የፖሊመሩን መጠን መዘነች፤ ልክ ነው። ኤሌክትሪኩን አየች፤ ልክ ነው። ከመርፌው እስከ ብረቱ በማስመሪያ ለካች፤ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ ልክ ነው።

ዓርብ ጠዋት እጇ ባልዲ አንስቶ ወለሉ ላይ ውሃ ሲረጭ አየችው። በድሮው የጥጥ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት በየጠዋቱ እንዲህ አድርጋለች፤ ጥጥ በደረቅ አየር ይበጠሳላ። እዚህም ሳታስበው ቀጥላበታለች። ይህ ክር ደግሞ አየሩ ሲረጥብ ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ በቆየ ቁጥር ኤሌክትሪኩ እየሳበ ያቀጥነዋል። በብርዱ ወራት ያዳናቸው፣ ዝዴና በተዛወረች ሰሞን ተከፍቶ በሚያዝያ የተዘጋው ማሞቂያ ነበር፤ አየሩን ያደርቀዋል።

ለአለቃዋ ለኢንጅነር ራዶቫን ነገረችው።

«ወይዘሮ ድራሆሚራ፣ በባልዲ ውሃ ብቻ ሴትዮዋን ልመልስ? የእሷም እጅ ቢኖርበትስ? በቁጥር ያሳዩኝ።»

ምሳ ሰዓት ከዝዴና ጎን ተቀምጣ የባልዲውን ነገር ነገረቻት።

«አምስት ወር ካርቶን ሳጣጥፍ ባልዲሽ የት ነበር?» አለች ዝዴና ቀና ሳትል።

«እጄ ላይ። አላየሁትም።»

«እኔን ጥፋተኛ አድርጎ ለማየትማ ማንም መነጽር አልፈለገም።»

«ነገ መጥተሽ ፖሊመሩን ራስሽ አሟሚልኝ፤ ልክ እንደ ድሮሽ።»

ዝዴና በማግስቱ መጣች፤ አሟሟች፤ እጇን አጣጥፋ በር ላይ ቆመች። ድራሆሚራ ግድግዳው ላይ የእርጥበት መለኪያ ሰቅላለች። ክሩን የምትፈትነው መጀመሪያ በደረቅ ወለል፣ ቀጥሎ በግማሽ ባልዲ፣ ከዚያ በሙሉ ባልዲ ነው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ፖሊመር፣ እያንዳንዱም ሦስት ሦስት ጊዜ። የደረቁን ሦስት ጊዜ ጨርሳለች፤ ክሩ ልክ ወጥቷል። አሁን ግማሹን ባልዲ እያፈሰሰች ነው፤ የመለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ዝዴናም ከበሩ አልሄደችም።