የጋሽ መገርሳ ቋጠሮ

ስለ ጋሽ መገርሳ የምጽፈው ሌላ የሚጽፍለት ስለሌለ ነው። ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ እስክሪብቶ እምብዛም አልያዝኩም፤ ቢዘባረቅብኝ አትፍረዱብኝ።

የዚሁ የአቃቂ ልጅ ነው። ዛሬ መጋዘን የቆመበት ሜዳ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። እሱ ግን እርሻውን አልያዘም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ቆሟል። እኔ እዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ጠራጊ ነኝ። ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው።

ደርግ በወደቀ በሰባተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ቀኝ እጁን ያዘው። ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ተቆረጡ። አራት ወር ቤት ዋለ። አንድ ጠዋት ሚስቱ አለሚቱ በአጥር ጠራችኝ።

«ጠጄ፣ ሰውዬው ሊያብድብኝ ነው። የፋብሪካው ጡሩምባ በጮኸ ቁጥር ጫማውን ያጠልቃል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያወልቃል» አለችኝ።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም። ግን ፎርማኑ አቶ ሰይፈሥላሴ ዘንድ ሄጄ ወደ ማሽኑ ይመልሱት ብዬ ለመንኩለት።

«አሥር የተበጠሰ ክር ይቋጥርልኝ» አሉ። «ማሽኑ ሲነሳ ካልተፈታ ቦታው የሱ ነው። ከተፈታ ግን ሌላ ሥራ እንፈልግለታለን።» ሦስት ሳምንት ሰጡት።

የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ይቆማል። ሁለቱን ጫፍ ፈልጎ፣ አገናኝቶ፣ ቶሎ መቋጠር ነው። ጋሽ መገርሳ በግራ እጁና በጥርሱ፣ ጉማጁንም እያስደገፈ፣ ሊለምደው አሰበ። ክር አቅራቢዋ እኔ ሆንኩ፤ ውዳቂ ክር ይዤ ስወጣ ዘበኞቹ አይናገሩኝም።

መጀመሪያ ከሽመና ክፍል ወለል የለቀምኩትን ወሰድኩለት። ያ ክር እንዳይበጠስ ስታርች የጠጣ ነው፤ ይደርቃል፣ ያንሸራትታል። የጣቱን ጉማጅ ላጠው፣ ደማ። ማየት አላስቻለኝም። በማግስቱ ከራሴ ክፍል ገና ስታርች ያልነካውን አመጣሁ።

«ይሄማ የሕፃን ፀጉር ነው» አለ።

«ቁስሉ እስኪጠና ነው ጋሼ። ኋላ ወደዚያኛው እንመለሳለን።»

አልተመለስንም። በለስላሳው ክር እጁ ፈጠነ፣ አለሚቱም መሳቅ ጀመረች። ቁስሉ ሲደርቅ እያየሁ ያንኑ ለስላሳ ክር ማምጣቴን ቀጠልኩ። እሱም ያኛውን አልጠየቀኝም።

የፈተናው ቀን መጥረጊያዬን ይዤ የሽመና ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ከጎኑ ማሽን የሚሠራው ጉተማ ጮኸ፦

«መገርሳ! በጥርስህ ልትሸምን ነው እንዴ? ምሳ በምን ልትበላ ነው?»

«ያንተን እዋሳለሁ። ከወሬ ሌላ ሥራ የለውም።»

ሁሉም ሳቀ። አቶ ሰይፈሥላሴ ማሽኑ ላይ ከተወጠረው ክር አሥሩን በመቀስ ቆረጡ። ጋሽ መገርሳ የመጀመሪያውን በጥርሱ ሳብ ሲያደርገው ክሩ ሾለከ። ደግሞ ያዘው። ላቡ እየተንጠባጠበ አሥሩንም ቋጠረ። ማሽኑ ተነሳ። ስድስቱ ተፈቱ።

አቶ ሰይፈሥላሴ ማሽኑን አጠፉ። «አይዞህ» አሉት፤ ዓይኑን ግን አላዩትም።

አሁን የሽመና ክፍል ጠራጊ ነው። የድሮ ማሽኑን ሌላ ሰው ይዞታል፤ በዚያ በኩል ያለውን ወለል መጨረሻ ላይ ነው የሚጠርገው። ጉተማም ዛሬ ዛሬ አይቀልድበትም፤ እየጠረገ ሲያልፍ እግሩን ብቻ ያነሳለታል።

ወር ሙሉ ሳምጥ ቆይቼ አንድ ቀን ከሺፍት ስንወጣ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በዚያ በደረቁ ክር ብትለምድ ኖሮ…»

«አውቅ ነበር» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነካሁትን ክር ላጣው ነው? እኔም አመመኝና የቀለለኝን ወሰድኩ።»

የባቡር ሐዲዱን ተሻገርን። ከዚያ ቆመና ጉማጅ እጁን ዘረጋልኝ።

«ይልቅ መጥረጊያውን እንዴት ነው የምትይዢው? ትከሻዬን ገደለኝ።»

መንገድ ዳር የወደቀ እንጨት አንስቼ አሳየሁት። አውራ ጣቱን ከላይ፣ የቀሩትን ሁለቱን ከሥር። ቶሎ ገባው።