ፋይሉ «ኤ» ይላል፣ የአያ ካሴ ደም ግን «ቢ» ነው

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ማርቆስ ከተማ፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ መስኮት ላይ ቆሜ አንዲት ልጅ ላይ እጮህ ነበር። ስነግራችሁ እያፈርኩ ነው... ግን ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ አያ ካሴ ደምበጫ አካባቢ ገበሬ ነው። ጨጓራውን ስንት ዓመት ሙሉ በተልባ ሲያባብለው ኖሮ፣ ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ደም አስታወከ። ሚስቱ እታገኝ በአምቡላንስ ይዛው ማርቆስ ገባች። እኔም ከማስተምርበት ከአማኑኤል ከተማ ስከንፍ ደረስኩ። ግሉኮስ ተተክሎለት ተኝቷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሐኪሙ «ደም ቶሎ ካልተሰጠው ያሰጋል» አለን።

አያ ካሴ የጤና መድህን ካርድ አለው። በካርዱ ሲፈለግ የድሮ ፋይሉ ወጣ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ተኝቶ ታክሟል፣ የደም ዓይነቱም «ኤ» ተብሎ ተጽፏል። ወንድሜ ሆስፒታል መተኛቱን አለመስማቴ ትንሽ ገረመኝ፤ ገበሬ ሕመሙን ለማን ይናገራል ብዬ ተውኩት። ኤ ደም ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ከረጢት አለ። ተገላገልን አልኩ።

ከዚያ ነው ጋወኗ ላይ ሹራብ የደረበች ቀጭን ልጅ ከላቦራቶሪ ብቅ ያለችው።

«ዛሬ ስመረምረው ቢ ነው። ፋይሉ ደግሞ ኤ ይላል። እስኪጣራ ድረስ ደም አልለቅም።»

«ታዲያ አንቺ ተሳስተሽ ይሆናላ! ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ልሳሳት እችላለሁ። ለዚህ ነው እንደገና የምመረምረው።»

ለሁሉም ይሆናል የሚባለው ኦ ደምስ ብላት፣ «አልቋል» አለች።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ በጽሑፍ የሰፈረ ነገር አምናለሁ። የአያ ካሴ ከንፈር ደግሞ እየነጣ ነው... መጮህ ጀመርኩ። ጩኸቱ አልሠራ ሲል እዚያው ግቢ የሚሠራ የማውቀው ሰው ጠራሁ። መጥቶ «ባክሽ ተባበሪው፣ ወንድሙ እኮ ነው» አላት።

ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም። «ደም የሚወስደው ካርዱ አይደለም፣ ሰውየው ናቸው» አለችና ባዶ ብልቃጥ ይዛ ራሷ ወደ ተኛበት ክፍል ሄደች።

«አባቴ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።»

እኔ ቀድሜ ተናገርኩ።

«እሳቸው ይንገሩኝ» አለች፣ ዞራ ሳታየኝ። አያ ካሴ በስንት ጣር ስሙን ከነአባቱ ተናገረ። ደሙን ቀዳች፣ ከአልጋው ሳትርቅ ብልቃጡ ላይ ስሙንና ሰዓቱን ጽፋ ወጣች።

ተከትያት ሄጄ በመስኮቱ አየኋት። የደሙን ቀዩን ለብቻ፣ ላይ የሚጠልለውን ውሃ ለብቻ ነው የምትመረምረው። ጠብታ ትጨምራለች፣ ታወዛውዛለች፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታያለች። ቸኩላለች፤ እጇ ግን አይቸኩልም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ለብሔራዊ ፈተና የማዘጋጀውን ተማሪ ወረቀት ሳርም እንኳን እንዲህ አልጠነቀቅም።

«አሁንም ቢ ነው» አለች ስትመለስ። ቢ ደም እንዲመጣ ደም ባንክ ደውላ ጨርሳለች። ሄዳ አያ ካሴ ራስጌ ጎንበስ አለች።

«አባቴ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ የታከሙት ምንዎን አሞዎት ነበር?»

አያ ካሴ ዓይኑን ጨፈነ። እታገኝ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ለመክሰስ አይደለም አባቴ። የሌላ ሰው ፋይል ተቀላቅሎ ከሆነ፣ የዚያም ሰው ሕይወት አለበት ብዬ ነው።»

ዓይኑን ገለጠ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ አልነበርኩም» አለ በመጨረሻ። «ጎረቤቴ ይበልጣል ነው። በሬ ሆዱን ወግቶት... መድህን አልገባም ነበር። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብዬ ካርዴን ሰጠሁት። በዚያ ጥድፊያ ፎቶውን ልብ ያለው የለም። በኔ ስም ተኛ፣ በኔ ስም ዳነ። እታገኝንም ለሰው ትንፍሽ እንዳትል በታቦት አስምያታለሁ።»

እታገኝ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ባሏ ሲደክም እያየች መሐላዋን በሆዷ ይዛ መቆየቷ ነው።

«ኤ ቢሰጠው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አልኳት ልጅቷን።

«ሰውነታቸው ደሙን ይዋጋው ነበር። ኩላሊታቸው ሊያቆም ይችላል... ሊሞቱም ይችላሉ።»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ሰዓት ስጡት እያልኩ የጮህኩት፣ ዘመድ የፈለግኩለት ነገር ይኼ ነበር።

ልጅቷ አያ ካሴን አልተቆጣችም። ለሐኪሙ ነገረች፣ የድሮው ውጤት ላይ የሌላ ሰው መሆኑን በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ፈረመችበት። እታገኝንም «ይበልጣል መጥተው በራሳቸው ስም ይመርመሩ፣ አደራ» አለቻት። ቢ ደሙ ሲመጣ ደግሞ ይሰጠዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ከከረጢቱ ትንሽ ቀንሳ ከአያ ካሴ ደም ጋር መስማማቱን ሳታይ አልለቅም አለች። በዚህኛው ዙር ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኩ።

ከሰዓት በኋላ አያ ካሴ ፊቱ መለስ አለ። «በሬዎቹን ውኃ ማን አጠጣ?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ ትልቁ ሰውዬ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ስሟ ስንታየሁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየመስኮቱ ጀርባ አለ፤ እኛ የምናውቀው ስንጮህበት ብቻ ነው።

«እዚህ መስኮት ላይ የሚጮህ ሁሉ ሰው የታመመበት ነው፤ አልቀየምም» አለችኝና ወደ ብልቃጦቿ ዞረች።

እኔን ሰምታኝ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምለጥፍላችሁ ገጠመኝ ሳይሆን መርዶ ነበር።