ከሻይ በኋላ የተነበቡት ስሞች

ስለዚያ ቀን ግጥም ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር ስድብ ብቻ ይመጣልኛል፤ ስድብ ደግሞ ቤት ቢመታም ግጥም አይሆንም። ስለዚህ እንዲሁ በዝርው ልናገረው።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መቀሌ የከተመ የላስቲክ ጫማ ነጋዴ ነው። ሸራ ወጥሮ የሚሸጠው ከገበያው መግቢያ ማዕዘን ላይ ነበር። የቁሓ ሚኒባስ ሰው የሚያራግፈው እዚያው ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ከመኪና የወረደ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኛን ጫማ ነው። እኔም ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ከእሱ ጋር እሠራ ነበር። ገበያተኛ ሲጠፋ በጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ግጥም እጽፋለሁ። አባቴ ክዳኖቹን በዝናብ ጊዜ ጭቃ ላይ ሊያነጥፋቸው ይፈልጋል። በዚህ እንጣላለን።

ሸራ ወጥረን የምንነግድ ሰዎች ማኅበር ነበረን። በማኅበሩ ውስጥ «ቦታ ኮሚቴ» የሚባል ሹመት አለ። ኮሚቴ ይባላል እንጂ አንድ ሰው ነው። እሱ ከፈለገ ማዕዘኑ ያንተ ነው፤ ካልፈለገ ነገ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ነህ። ጎረቤታችን የነበረው ብርድ ልብስ ነጋዴ ማዕዘናችንን ሲመኝ ዓመታት አልፈዋል። በየጠዋቱ ዕቃውን አንድ ስንዝር ወደ እኛ ይገፋል፤ አባቴ ያንኑ ስንዝር ይመልሳል። ሁለቱም ሰላምታ አያጓድሉም።

ምርጫችን እንዲህ ነው። አባላቱ እጅ እያወጡ ሊቀመንበሩን ብቻ ይመርጣሉ። ከዚያ ሻይ ይባላል። ሻይ ሲጠጣ ሊቀመንበሩ ጥግ ይዞ ምክትሉን፣ ጸሐፊውንና ቦታ ኮሚቴውን ይሰይማል። ስንመለስ ስማቸው ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ጸደቀ ይባላል። እንደ ወረዳው «ካቢኔው» እያልን እንጠራቸዋለን።

በዚያ ዓመት ያሸንፋል የተባለው እጩ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከሸራ ሸራ እየዞረ ቁጢጥ ይላል፣ አንድ ዕቃ አንሥቶ ያገላብጣል፣ አንድ ነገር ሹክ ብሎ ይሄዳል። ሹክ የተባለለት ሰው ወዲያው ቀና ብሎ መቀመጥ ይጀምራል። ነገሩ ቢከነክነኝ ማሰሮ ሻጯን አሮጊት ጠየቅኋቸው።

«ኣደይ፣ ሰውየው ምን አለዎት?»

«ለማንም እንዳትናገር፣ ወደይ፣ ልጄ። ቦታ ኮሚቴ እኔ ነኝ።»

ገመድ ሻጩን ጠየቅሁት። እሱም ቦታ ኮሚቴ ነበር። ሳሙና ሻጩም ነበር።

የምርጫው ዕለት በቀበሌው አዳራሽ እጄን አወጣሁ። «ከመምረጣችን በፊት ከማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ይንገረን። ቦታ ኮሚቴው ማነው?»

እጩው ፈገግ አለ። «ሓወይ፣ ሙሽራው ሳይመረጥ ሚዜ ይቆጠራል እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ።

«ሚዜ እኮ ከሰርጉ በፊት ነው የሚታወቀው» አልኩት። «ወይስ የእርስዎ ሚዜዎች በር ላይ ነው የሚለቀሙት?»

አሁን ደግሞ ለእኔ ተሳቀ። ገመድ ሻጩ ግን ተቆጣ። «ስም አሁን ከተጠራ ያልተጠራው ይቀየማል። ማኅበር ልታፈርስ ነው?» ሳሙና ሻጩ «ልክ ነው!» አለ። ማሰሮ ሻጯም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሦስት ቦታ ኮሚቴዎች ባንድ ቃል ተስማሙብኝ።

ያወቅሁትን ልዘረግፈው ስል አባቴ ከጎኔ ኮቴን ጎተተው።

«ተቀመጥ!»

«አባ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ...»

«ተቀመጥ አልኩህ! አብሽር፣ የኛ ነገር አልቋል።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ቦታ ኮሚቴ እኔ ነኝ።»

ፊቱን አየሁት። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከእንግዲህ ስንዝር መመለሱ በቃኝ፣ ማዕዘኑ ዳነ ብሎ አምኗል። ያን ፊት ላጠፋው አልደፈርኩም። ተቀመጥኩ። ድምፅ ሲሰጥ እኔም እጄን አወጣሁ፤ ዛሬም የማልምረው ያን እጄን ነው።

ጨርቅ ነጋዴው ተመረጠ፣ ሻይ ተባለ። አባቴ ሻዩን አልጠጣም። ቆቡን ሁለት ጊዜ አውልቆ አስተካከለ። ተመልሰን እንደገባን ማንበብ ተጀመረ። ምክትሉ ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ጸሐፊው ተነበበ፤ ተጨበጨበ። «ቦታ ኮሚቴ» ሲባል አባቴ ስሙን ሳይጠብቅ ብድግ አለ። ገመድ ሻጩም፣ ሳሙና ሻጩም፣ ማሰሮ ሻጯም ብድግ አሉ። ከዚያ የብርድ ልብስ ነጋዴው ስም ተጠራ።

ብድግ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? አራቱም ተያዩና ማጨብጨብ ጀመሩ። የቀረው ሰው ለክብር መስሎት ተነሣ። በማኅበሩ ታሪክ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ ያጨበጨበለት ሹመት ያ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄድን። አቤት በል ስለው አባቴ አሻፈረኝ አለ። «ራሴ ቆሜ አጨብጭቤ ምን ብዬ ነው የምከሰው?» አለኝ።

አንድ ቀን በሬዲዮ የአንድ የውጭ አገር ፕሬዚዳንታዊ እጩዎች ሚኒስትሮቻቸውን ከምርጫ በፊት ያሳውቁ ወይስ አያሳውቁ በሚል ክርክር ሲካሄድ ሰማሁ። አንድ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ስም ቀድሞ ከወጣ ደጋፊው ይከፋፈላል፣ የእጩው እጅም ይታሰራል አለ። ይታሰር! ምን አለበት ቢታሰር? የሚደበቀው የተሿሚው ስም አይደለም። የሚደበቀው አንዱ ወንበር ለስንት ሰው እንደተሸጠ ነው። ሬዲዮውን ዘጋሁት፤ አባቴ «ሰው እየሰማ!» ብሎ መልሶ ከፈተው።

የሚቀጥለው ምርጫ ሲደርስ ሌላ እጩ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ድረስ መጣ። ቁጢጥ አለ፣ አንድ ጫማ አንሥቶ አገላበጠ፣ ለአባቴ ሹክ አለ። አባቴ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ዐይኔ እያየ!

ለእጩው አንድ የካርቶን ክዳንና እስክሪብቶ አቀበልኩት። «የምትሾማቸውን ሰዎች ስም እዚህ ላይ ጻፍልኝ።»

«ገጣሚው አንተ ነህ፣ አንተ ጻፍ» ብሎ ሳቀና ክዳኑን ባዶውን መለሰልኝ። አባቴ ተቆጣኝ፤ ክዳኑን ነጥቆኝ ጭቃው ላይ አነጠፈው።

በአዳራሹ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያው እጩ ተመረጠ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ተመለስን። «ቦታ ኮሚቴ» ሲባል አባቴ ሊነሣ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ገላመጠኝ። የሌላ ሰው ስም ተጠራ። አሁን መዳፎቹ ሊገናኙ ሲሉ ሁለቱንም በእጄ ጨብጬ ጭኑ ላይ አስቀመጥኳቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የአባቴ እጆች በእጄ ውስጥ አንድ ጊዜ ተወራጩና ተዉት።