ሁለት ኪሎ የመዘነው ጆንያ

ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል አቋርጬ ነው ንግድ የገባሁት፤ ወረቀት ላይ የተደረደረ ቁጥር ሳይ እንደ ፖሊስ ጣቢያ ያስፈራኝ ነበር። መርሳ ላይ ሽንኩርት የሚረከበው ባለሚዛን ይህን ያውቃል። እኔ ከግራና ገበሬዎች በአደራ ሰብስቤ አመጣለሁ፤ እሱ መዝኖ የእያንዳንዱን ጆንያ ክብደት ይጽፋል፣ በካልኩሌተር ይደምራል፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ወደ ገበሬዎቹ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን አሥራ ሁለት ጆንያ አስረከብኩ። «አንድ ሺህ ሠላሳ ስድስት ኪሎ» አለኝ። አነሰብኝ፤ ለምን እንዳነሰብኝ ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

«እስኪ ድገመው» አልኩት።

«ማሽን ይዋሻል እንዴ? በል አንተ በቃልህ ደምርና አሳየን!»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ግራና ስደርስ የሚስቅ አልነበረም። ገበሬ ሽንኩርቱን በዓይኑ ይመዝናል። አንድ ሐጂ ወረቀቱን አስነብበው ሲያበቁ «አንዱን ጆንያ የት ጣልከው ልጄ?» አሉኝ። ሌባ ነህ ማለታቸው ነው፣ በጨዋ ደንብ። በሳምንቱ ሽንኩርታቸውን ራሳቸው ይዘው ወደ መርሳ ሄዱ። ጎረቤቶቻቸውም ተከተሏቸው። ሁለት ገበሬ ብቻ ቀረኝ።

ወልድያ እህል ለሚነግዱ አንዲት እናት ወረቀቱን አሳየኋቸው።

«ከዘጠና ኪሎ የሚያንስ ጆንያ አለ?» አሉኝ።

«የለም እማማ።»

«እንግዲያ ሁሉንም ዘጠና በለው። አሥራ ሁለት ጊዜ ዘጠና ስንት ነው?»

«አንድ ሺህ ሰማንያ» አልኩ፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ ቆይቼ።

«ያ አላህ! ዝቅ አድርገህ ቆጥረኸው እንኳ ከሱ ድምር በለጠ። ሰውየው እየበላህ ነው። ድምርን በመቀነስ ፈትነው። ከጠቅላላው ላይ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ቀንስ፤ መጨረሻ ላይ ባዶ መምጣት አለበት።»

እዚያው ቀነስን። ለአሥራ ሁለተኛው ጆንያ የሚበቃ ኪሎ አልተረፈም። ለካ ሰውየው እያወራ ሲደምር አንዱን ጆንያ ይዘላል።

ያኔውኑ ሄጄ መጮህ እችል ነበር። ግን እኔ የተዋረድኩት በሰው ፊት ነው፤ እሱን ለብቻው ባዋርደው ምን ይጠቅመኛል? ሁለት ወር ሙሉ እየሳቅሁለት ጠበቅሁ። መንገድ ላይ የተጫነ መኪና ባየሁ ቁጥር ጆንያውን እየገመትኩ ስደምርና ስቀንስ ከረምኩ።

አንድ የገበያ ቀን ሐጂውና ጎረቤቶቻቸው ተራ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። የኔ አሥራ አምስት ጆንያ ተመዘነ፤ ከሰማንያ የሚያንስ የለም። «አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና አራት» አለ ባለሚዛኑ። አሥራ አምስት ጊዜ ሰማንያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። ደስታዬን ዋጥ አደረግሁ።

«ወንድሜ፣ እኔ ክብደቱን ልጥራ፤ አንተ ከድምሩ ላይ ቀንስልኝ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ላልተማረ ሰው ብለህ።»

እየተነጫነጨ ቀነሰ። አሥራ አራቱን ጠርቼ «ስንት ቀረ?» አልኩት። ሐጂው አንገታቸውን አስግገው ካልኩሌተሩን አዩ። «ሁለት» አሉ።

አሥራ አምስተኛው ጆንያ እግራችን ሥር ተገትሯል።

«እንግዲህ ይሄ ሁለት ኪሎ ነው» አልኩት። «በአንድ እጅህ አንሳና አይሱዙው ላይ ጣልልኝ።»

ጠጋ ብሎ «በአላህ ይሁንብህ አታዋርደኝ፤ የጎደለውን እመልስልሃለሁ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ጮክ በል፣ ሐጂ አልሰሙህም!»

ሰው ሁሉ ሲያፈጥበት ጨነቀውና ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ያዘ። ጆንያው አልተነቃነቀም። ያን የጎበጠ ጀርባውን እስክጠግብ አየሁት።

ሐጂው ይቅርታ አልጠየቁኝም። ከኪሳቸው የታጠፈ የሚዛን ወረቀት አውጥተው «ይሄንንም ቀንስልኝ ልጄ» አሉኝ። ከኋላቸው ሰልፍ ተያዘ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሁሉንም በነፃ ቀነስኩ፤ የጎደለውን ኪሎም ገበያው እስኪሰማ ጮኬ አወጅኩ። የአንድ ገበሬ ወረቀት ግን ሲቀነስ ባዶ መጣ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ አሁንም ባዶ። ለዚያኛው ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ያንተስ ደህና ነው» አልኩት።