ተከራዬ ፕሮፌሰርና የኢዲዶ ስልክ

ዲላ ጓሮዬ ካለችው ክፍል አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ለዓመታት ተከራይቶ ኖሯል። ሲመጣ አንገቱ የቀጠነ፣ ሰው ፊት የሚያፍር ልጅ ነበር። ስልክ የገጠሩን ገበያ ከከተማው እንዴት እንደሚያገናኝ ይጽፋል። አንድ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር አንድ ማዕረግ ይጨመርለታል፤ እኔም የቡላ ገንፎ ሠርቼ እንኳን ደስ ያለህ እለዋለሁ። ማዕረጉና ሆዱ እኩል አደጉ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩምና፣ የገንፎው ይሁን የጽሑፉ ለይቼ አላውቅም።

የእኔ እግር ቤት አይወድም። ወናጎ ክርስትና ካለ ወናጎ ነኝ፣ ጨለለቅቱ ለቅሶ ካለ ጨለለቅቱ። ከሁሉም ይልቅ የምመላለሰው ግን ገጠር ኢዲዶ፣ ታናሽ እህቴ ዘንድ ነው። አንድያ ልጇ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ አርብ አርብ ትደውላለች። በእህቴ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው አናት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ጎረቤት ስልክ እዚያ ዋንዛ ላይ በዘንቢል ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ የሚያወራው በእሱ ነው። እህቴ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። ዝናብ የጣለ አርብ ጭቃው ከመንገድ ይመልሳታል፤ ልጇም ደውላ ደውላ ትተዋለች።

አንድ ክረምት ለመምህሩ ጥናት መረጃ የሚሰበስቡ ጠያቂዎች ኢዲዶ መጡ። ጭቃ የፈሩ ጫማዎች አድርገው በየበሩ ቆሙና ስልክ ትጠቀማላችሁ ወይ አሉ። ሁሉም እንጠቀማለን አለ። ሐሰት የለበትም። ስልኩ የት እንዳለ ግን የጠየቀ የለም። በዚያ ጽሑፍ ተከራዬ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ገንፎውንም ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ቆይቶ አንቴና ሊተከል ነው ተብሎ ዲላ ስብሰባ ተጠራ። እህቴን ደግፌ ወሰድኳት፤ ለሰፈሯ ከደረሳት የልጇን ድምፅ አልጋዋ ላይ ሆና ልትሰማ። ፕሮፌሰራችን በከረባት ወጣና ግድግዳው ላይ ካርታ አበራ። ቀዩ ስልክ የሌለው ነው፣ አረንጓዴው የተገናኘ ነው፤ ቅድሚያ ለቀዩ ይሰጥ አለ። ኢዲዶ ለምለም አረንጓዴ ሆና ቁጭ ብላለች። ሰው አጨበጨበ። እህቴ በጌዴኦኛ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ።

«ኢዲዶ ተገናኝታለች ይላል።»

«እንግዲያው ልጄን ይጥራልኝ» አለች።

ማታ ቤት ሲገባ ጠብቄ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ዋንዛውን፣ ዘንቢሉን፣ የእህቴን ጉልበት። ጥሩ ሰሚ ነው፣ አያቋርጥም። ነገ ሄደህ ተሳስቻለሁ በላቸው አልኩት።

«እማማ፣ ጥናቱ እኮ ታትሟል» አለኝ። ከዚያ ዓይኑ በራ። «ግን የጋራ ስልክ ያሉት ነገር ደስ ይላል፤ ለብቻው አንድ ጥናት ይወጣዋል።»

የእህቴ ጉልበት ለእሱ ደስ የሚል ነገር ሆነ። እኔ ሰው አልቆጣም፣ ተፈጥሮዬም አይደለም። ሳምንት ቆይቼ፣ «ልጄ፣ እንዳንተ ያለ ትልቅ ፕሮፌሰር ጓሮ ውስጥ መኖሩ ለእኛም ነውር ነው፤ የሚመጥንህን ቤት ፈልግ» አልኩት። እውነቴን መስሎት ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

በክፍሉ እህቴን አስገባኋት። ቡናዋንና እንሰቷን ለሟች ባሏ ወንድሞች ትታ መጣች፤ ያንን ስታነሳ አሁንም ድምፅዋ ይሰበራል። አርብ ግን አልጋዋ ላይ ተደግፋ ከልጇ ጋር ታወራለች። ኮረብታ ላይ የለመደችው ጩኸት አልተዋትም፤ ጎረቤት ሁሉ የልጇን ኑሮ አውቆታል።

ባለፈው አርብ አንዲት ተማሪ ጠፍጣፋ ስክሪን ታቅፋ መጣች። የገጠር ሰው ለምን ወደ ከተማ እንደሚፈልስ የሚያጠና አዲስ ጥናት ነው አለችኝ፤ የማን እንደሆነ ሳልጠይቃት ገባኝ። ወደ እህቴ መራኋት። እህቴ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ አየቻትና፣

«ቆይ፣ ልጄ እያወራችኝ ነው» አለች።

ልጅቷ ደጅ ተቀመጠች። ወሬው አላለቀም፤ ሲመሽባት ሄደች።