ደቦ የጠራሁበት ቀን

ጌታ ይባረክ! ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰው ፊት ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ ዝቅ ቢል ታገሡኝ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ሌላ እሑድ ማሳለፍ ስላልቻልኩ ነው የወጣሁት። ሳልጨምርም ሳልቀንስም እንድናገር ጸልዩልኝ።

የመጣሁት ከብልባላ ማዶ ካለ ቀበሌ ነው። አባቴ ያረፈው እኔ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነበር። ከቀብር ስንመለስ አንድ ዘመዳችን ክንዴን ጨብጦ፣ «በል እንባህን ዋጥ፤ ከእንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» አለኝ። ዋጥኩት። ትምህርቱንም ትቼ እርፍ ጨበጥኩ።

እናቴንና እህቴን ጌጤን ይዤ ቤቱን አቆምኩ። አንድ ነገር ግን አላደርግም ነበር፤ ሰው አልጠራም። በእኛ አገር አዝመራ ሲደርስ ባለቤቱ በዋዜማው ቤት ለቤት ዞሮ «ነገ ድረሱልኝ» ይላል። ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ እየዘፈነ ያጭዳል፤ በልቶ ጠላውን ጠጥቶ ይመለሳል። ደቦ ማለት ይህ ነው። እኔ የሰው ደቦ ላይ ቀርቼ አላውቅም። የራሴን ግን ጠርቼ አላውቅም። የሰው እጅ የነካው እህል የኔ አይመስለኝም ነበር። ሰዉም «ብቻዬ» የሚል ስም አወጣልኝ። ስድብ መሆኑን እንኳ አላወቅሁም፤ ስጠራበት ደስ ይለኝ ነበር።

ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ላሊበላ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ደግሞ ስለ ወንድ ልጅ ጥንካሬ፣ ራስን ስለ መምራት የሚናገሩ ሰዎችን ንግግር ስልኬ ላይ ጭኜ እመለሳለሁ። ሳርስ እሰማዋለሁ። «ድካምህን ለማንም አታሳይ» የሚለውን በቃሌ ይዤው ነበር። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም፤ በማለዳ መነሳትን፣ የጀመርኩትን መጨረስን ተምሬበታለሁ። ስወድቅ ማንን እንደምጣራ ግን አልነገረኝም።

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ወደቅሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋ። ቀጥሎ እህል አፈር አፈር አለኝ። ኋላ ጠዋት መነሳት አቃተኝ። ትኩሳት የለኝም፣ ቁስል የለኝም። ጫማዬ ከአልጋው ሥር ይታየኛል፤ እጄን ሰድጄ መሳብ ያቅተኛል። ጋቢዬን ተከናንቤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ምነው ባልነጋ ያልኩበት ጠዋት ብዙ ነው።

እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። እየደገፈች የጠበሉን ዳገት ስላወጣችኝ ዛሬም እግዚአብሔር ይስጣት። ሳይሻለኝ ሲቀር እዚህ ላሊበላ ሆስፒታል አመጣችኝ። ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ፣ ልቤን አዳመጠ፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

«ልብህም ሳንባህም ደህና ነው» አለኝ። «ይህ ድብርት ይባላል። በሽታ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም፤ መድኃኒት አለው። ለማን ተናግረሃል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው በሽታህ ሁለት ነው።»

መድኃኒቱን ለመቀበል ተራ ስጠብቅ ነው ወንድም ታደሰን ያገኘሁት፤ ያው እዚያ ተቀምጧል። ብዙ አልጠየቀኝም። «እሑድ ና፣ አብረን እንጸልያለን» ብቻ አለኝ። መጣሁ። በዚህች ቤት፣ ከዚያ ምሰሶ ሥር ተንበርክኬ፣ አባቴ የተቀበረ ለት የዋጥኩትን እንባ አለቀስኩ። ኢየሱስን ጌታዬና አዳኜ ነህ አልኩት። ሃሌ ሉያ! ሸክሜን እንደ ወሰደ ተሰማኝ፤ በእውነትም ወስዷል።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ የሆነውን እንደ ሆነው ልናገር። ለጌታ ነገርኩት እንጂ ለሰው አሁንም አልተናገርኩም። መንደር ስመለስ ጴንጤ ሆነ ተባለ። ሰዉ ራቀኝ፤ እኔም ራቅሁ። ጥቂት ሰንብቶ ያ የጠዋት ጭለማ ተመለሰ። አሁን ደግሞ እፍረት ተጨመረበት፤ ጌታን የተቀበለ ሰው እንዴት ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል? ስለዚህ ከእናንተም ደበቅሁ። «እንዴት ነህ?» ስትሉኝ «ተመስገን፣ ድል በድል ነኝ» እላችሁ ነበር። አይደለሁም ነበር።

ጥቅምት አለቀ፤ ገብሱ ደረሰ። የዓመት ቀለባችን እሱ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ በተራራው ላይ ጥቁር ደመና መቆም ጀመረ። በረዶ ከመታው ደግሞ የደረሰ ገብስ አንድ ሰዓት አይቆይም። ጌጤ ብቻዋን ማጨድ ጀመረች። እኔ ተኝቼ የማጭዷ ድምፅ ይሰማኛል።

በዚህ መካከል የእናቴ ወንድም፣ ቄስ ናቸው፣ ከገደሉ ማዶ በእግራቸው መጡ። ሃይማኖቴን በመተዌ ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ጋቢዬን ሳብኩ። መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ገብስህን አይቼው መጣሁ» አሉ። «አንገቱን ደፍቷል። ደቦ አትጠራም?»

«ብቻዬን አጭደዋለሁ፣ አባ።»

«በየትኛው ጉልበትህ? ከአልጋ ለመውረድ ሰው የሚሻ ሰው!» ሣቁ፤ ወዲያው ሣቃቸውን ተዉት። «መሄድህ አሳዝኖኛል፤ አልዋሽህም። ዛሬ ግን ለሱ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጌታችን ሊይዙት በመጡበት ሌሊት ወደዚያ አትክልት ስፍራ ብቻውን ነው የገባው?»

«አይደለም። ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ነው።»

«ምን አላቸው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ራሳቸው ቀጠሉ።

«ነፍሱ እንዳዘነች ነገራቸው። አብራችሁኝ ንቁ ብሎ ለመናቸው። ቢተኙበት እንኳ ተመልሶ ቀሰቀሳቸው። ዓለምን የፈጠረ ጌታ አዘንኩ ለማለት፣ ሰው አጠገቤ ይሁን ለማለት ካልኮራ፣ አንተ በምንህ ትኮራለህ ልጄ?»

ቅዱሳን፣ ያን ታሪክ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ አድርጎ ግን ገብቶኝ አያውቅም። ጌታ ሊናገረኝ ሲፈልግ ሃይማኖታቸውን የተውኩባቸውን የአጎቴን አፍ ተጠቀመ። ስሙ ይባረክ! እሳቸው በወጡ ጊዜ ጫማዬን ሳብኩ።

ደቦ ልጠራ ነው ስላት እናቴ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጠላው ነው። «አንተ ጴንጤ ሆኛለሁ ብለህ ጠላ አልሰጥም ትላለህ። ያለ ጠላ ደቦ የት ታይቷል?»

«ቀሪቦ አድርጊልን» አልኳት፤ ያ የማያሰክረው፣ እስላም ወገኖቻችን የሚጠጡት።

«ኧረ አዋረድከኝ!» አለች። ግን ሠራችው።

በዋዜማው ቤት ለቤት ዞርኩ። ለኔ ከዚያ የከበደ መንገድ የለም። የጎረቤቴን የዋጋውን በር ሳንኳኳ፣ ዋጋው በአገራችን ደቦ ላይ ዜማ የሚያወርደው ሰው ነው፣ ከፍቶ አየኝና ደነገጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ነገ ገብስ አጭዳለሁ፤ ድረስልኝ።»

ወደ ቤት ዞሮ፣ «አንቺ ሴት፣ ምጽአት ደርሷል! ብቻዬ ሰው ጠራ!» ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ መጡ። ሁሉም አይደለም፤ ግን ለማሳው የሚበቃ ሰው መጣ። ቀሪቦውን ሲቀምሱት የተያዩትን መተያየት ብታዩት! ተሰልፈን ማጨድ እንደጀመርን ዋጋው ድምፁን አነሳ፦

«ገብሱ ዘንበል ብሏል ሰው ስጡኝ እያለ፣
ጌታው ቤት ተኝቷል፣ ጠላው መቼ አለ?»

ሰልፉ በሙሉ በሣቅ ተቀበለው። ደገመው። እጄ ላይ ማጭዱ ቆመ። የማውቀው ነገር አንድ ነው፤ ማጭዱን ጥሎ ቤት ገብቶ መከናነብ። ያን ቀን ብገባ መቼ እንደምወጣ አላውቅም ነበር። ገብሱም እኔም እዚያው እንቀር ነበር። በልቤ፣ «ጌታ ሆይ፣ እግሬን ያዝልኝ» አልኩ። ወዲያው ቀና አልኩ።

«ዋጋው፣ እውነትህን ነው» አልኩ። «ተኝቼ ነበር። ከክረምት ጀምሮ ታምሜያለሁ። ሕመሙ ሐሳቤ ላይ ነው። ጠዋት መነሳት ያቅተኛል፤ መኖርም ይሰለቸኛል። ለማንም አልነገርኩም። እናንተን የጠራሁት ብቻዬን ስላልቻልኩ ነው።»

ዜማው ቆመ። ዋጋው ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ተጠጋኝ።

«ታመህ ነው? እኛ እኮ ሃይማኖት ቀይሮ ናቀን ብለን ነው የራቅንህ። እኔማ ሁለቴ አልፌ በርህን ላለማየት ፊቴን አዙሬያለሁ።»

«እኔ ደግሞ የጠላችሁኝ መስሎኝ።»

«የመጽሐፍ ብዛት ነው፤ ብዬ ነበር!» አሉ ከወዲያ ጫፍ አያ ሞላ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት። ሰው ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ከመቼ ወዲህ እንደሣቅሁ አላስታውስም። ዋጋው ወደ ቦታው ተመልሶ ጎንበስ አለና እንዲህ አወረደ፦

«ዝም ብሎ የተኛን ማን ያውቅለት ኖሯል፣
ታመምኩ ያለ ለታ ገብሱ ታጭዷል።»

ጀምበር ሳትጠልቅ ክምሩ ቆመ። በረዶው ግን በዚያ ሳምንት አልወረደም፤ ደመናው ወደ ሌላ አገር አለፈ። ስለዚህ ጌታ ገብሴን ከበረዶ አዳነ ብዬ አልመሰክርም። የምመሰክረው ሌላ ነው። ራሴን እመራለሁ ይል የነበረው ብቻዬ፣ እውነቱን ተናግሮ በሰው መካከል ቆሞ መዋል የቻለው በዚያ ቀን ነው፤ ያስቻለውም ኢየሱስ ነው። ሃሌ ሉያ!

ዛሬ ደህና ነኝ ስላችሁ እውነቴን ነው። መድኃኒቱን ሐኪሙ እንዳዘዘኝ እወስዳለሁ፤ እሱ ተው ሳይለኝ አልተውም። ከባድ ጠዋት አሁንም ይመጣል። ሲመጣ እነሳለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ከዚያ ለጌጤ «ዛሬ ከብዶኛል» እላታለሁ። እሷም «እንግዲያው አብረን እንውጣ» ትለኛለች። ከጸሎት ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ሥራ፤ ራሴን የምመራው አሁን እንዲህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከመንደራችን አንድ ሰው ወደ ማሳዬ መጣ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ የቤታችን አማኝም አይደለም። ብዙ ሰዓት ስለ በሬ አወራን። ሊሄድ ሲል፣ «ያ ያልከው ሕመም፣ እንቅልፍንም ይነሳል?» አለኝ። ማክሰኞ ሆስፒታል አብሬው እመጣለሁ። ጸልዩልን።

ወንድሜ፣ «ድል በድል ነኝ» እያልክ ከውስጥ የምትሰበር ካለህ፣ ጌታ ደካማ ቃልህን አይንቅም። ስሙን ጥራ፤ አጠገብህ ያለውንም ሰው ጥራ። ኢየሱስን ታመነው፤ እኔ ታምኜው አላፈርኩም። ክብር ሁሉ ለእርሱ ይሁን። አሜን።