አርባ አንደኛዋ ሥራ አጥ

ሰፈሩ ጠራዧን «ጥናቷ» ብሎ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እኅቷ ናት፤ ምክንያትም አላት። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ፣ መጠይቅ የታቀፈ አንድ ጠያቂ ቤታቸው እየመጣ፣ ከወንበሮቻቸው ሁሉ የማይወላገደውን መርጦ እየተቀመጠ፣ ታናሽ እኅቷን ስለ ሥራ አጥነቷ ግማሽ ቀን ሲመረምራት ውሏል። «ሌላው ሰው ሲያመው ሐኪም ይመጣለታል፤ አንቺ ሥራ ብታጪ ተመራማሪ መጣብሽ» ትላታለች እኅትዬው፣ የሆቴል አንሶላ ስታጥብበት የዋለችውን እጇን ቅባት እያሸች።

የጠራዧ ግራ እግር ከልጅነቷ ጀምሮ አልታዘዝም ብሏል። በሁለት ክራንች ትሄዳለች። እጆቿን ያየ ሰው ግን ስለ እግሯ ማውራት ይረሳል። በአንድ ማተሚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት መጽሐፍ ጠርዛለች። ወረቀቱን አጥፋ፣ በወስፌ በስታ፣ በሰም በታሸ ክር ሰፍታ፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብታ የለቀቀችው መጽሐፍ ሕፃን ቢረግጠው፣ ውሻ ቢጎትተው አንዲት ቅጠል አይጥልም። ከዕለታት አንድ ቀን ማተሚያ ቤቱ በአንድ ጎኑ ወረቀት እየበላ በሌላ ጎኑ መጽሐፍ የሚተፋ ማሽን ገዛና ጠራዧን በምስጋና ደብዳቤ ሸኛት። ደብዳቤው ራሱ ተወላግዶ የታጠፈ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የእኅቷ እጅ ጠባቂ ሆነች። እኅትዬው ክፉ ሰው አይደለችም። ነገር ግን ገበታ ሲቀርብ «ብዪ እንጂ» የምትልበት ድምፅ ከዓመት ዓመት እየቀጠነ መጣ። ጠራዧም ድምፁ በቀጠነ ቁጥር ቶሎ መጥገብን ተማረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌና ክር ይዛ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ።

ጥናቱን የሚያካሂደው ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው አካል ጉዳተኞች ሥራ እንዲያገኙ ምን ይደረግ የሚለውን ለማወቅ ነው። ሠላሳ አንድ ሠራተኞች አሉት፤ ሠላሳ አንዱም ደረጃ በሩጫ ይወጣሉ። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሕንጻው ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ «በጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ሁለት ጊዜ በአዲስ ተተክቷል፤ ሊፍቱ ግን ማንም ነክቶት አያውቅም።

የመጀመሪያው መጠይቅ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ሥራ እንዳትይዢ ያገደሽ ምንድን ነው የሚል ነበር።

«የሚቀጥረኝ ማጣቴ» አለችው።

ጠያቂው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወረደው። የክህሎት ማነስ አለ፤ የቤተሰብ ተጽዕኖ አለ፤ የፍላጎት ማጣት አለ። ቀጣሪ የሚባል ፍጡር ግን በዚያ ወረቀት ላይ አልተፈጠረም። ብዙ ተጨንቆ የክህሎት ማነስ የሚለው ላይ ምልክት አደረገላት። እሷም መጠይቁን ተቀብላ፣ ማዕዘን ከማዕዘን ገጥማ፣ በጥፍሯ ተጭና አጥፋ መለሰችለት። ሁሉም ነገር በአግባቡ ተመዘገበ፤ መላሽ ቁጥር አርባ አንድ፣ ሥራ አጥ፣ ክህሎት የሚያንሳት።

ጠያቂው ክፉ አልነበረም። ለአምስተኛ ጊዜ ሲመጣ መጠይቁን ሳያወጣ አጎንብሶ ሹክ አላት። ጽሕፈት ቤቱ ጠራዥ ሊቀጥር ነው። ባለፈው ስብሰባ አንድ የተከበሩ እንግዳ ሪፖርቱን ሲከፍቱት፣ ገና መነጽራቸውን ሳያስተካክሉ ምዕራፍ ሦስት እንዳለ እግራቸው ላይ ተዘርግፏል። ማመልከቻ የሚገባው በአካል ተቀርቦ ነው፤ ዓርብ ይዘጋል።

ዓርብ ጠዋት እኅትዬው ቀሚሷን ተኮሰችላት፤ ምክርም ጨመረችላት። «ሂጂ። ግን ተስፋሽን እዚሁ አስቀምጪው፤ ደረጃ ላይ ይከብድሻል።»

ጠራዧ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፎቆች ለመውጣት አንድ ሰዓት ፈጀባት። በየፎቁ በሩን ከፍቶ ያያት ሁሉ ከንፈሩን መጥጦ በሩን ዘጋ፤ ወንበር ያወጣ ግን አልነበረም። ሦስተኛው ላይ አንድ የጥርስ ሐኪም ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። የሥራ ዕድሏን ወደሚያሻሽሉላት ሰዎች እንደሆነ ስትነግረው ሳቀባት። እሷም ሳቀች፤ ትንፋሽ እንድትሰበስብ ጠቀማት።

አራተኛው ላይ ጸሐፊዋ ማመልከቻውን በሁለት ጣት ይዛ፣ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድሽስ አለቻት።

«ለጥረዛ?»

«ማስታወቂያው ነው የሚለው፤ እኔ አይደለሁም። ሙሉ ጤንነት ያለው፣ ደረጃ በፍጥነት መውጣትና መውረድ የሚችል፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ካቻምና ለተላላኪ ያወጣውን ማስታወቂያ ከመሳቢያ መዝዞ፣ «ተላላኪ» የሚለውን ሰርዞ «ጠራዥ» ብሎ ለጥፎታል። ሦስት ኃላፊዎች ፈርመውበታል። እዚያ ቤት መፈረም ማንበብን አይጠይቅም። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድም አካል ጉዳተኛ ስላላመለከተ፣ ስለ ፍላጎት ማጣት የሚያትተው ምዕራፍ በአዲስ ማስረጃ እየዳበረ ነበር።

ዶክተሩ፣ የጥናቱ መሪ፣ ድምፅ ሰምተው ወጡና አዩዋት። ወዲያው አወቋት። ለምን አያውቋት፤ የሪፖርቱ ሽፋን ላይ በመስኮት አሻግራ ስታይ ያለችው ሴት እሷ ናት። ከፎቶዋ ሥር «ተስፋ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያች ሰዓት የምታየው ዝናብ ሊያበሰብሰው የደረሰውን የእኅቷን ልብስ እንደነበር ማንም አልጠየቃትም።

«አርባ አንድ!» አሉ ዶክተሩ፣ እንደ ዘመድ። ቢሮ አስገብተው አስቀመጧት። የሞተር ሳይክሉ ነገር ስሕተት ነው፤ ይታረማል አሉ። ቀጥለው ግንባራቸውን አሹ።

«ችግሩ አንቺ ራስሽ ነሽ፣ እኅቴ። ስድስት ዓመት ሥራ አጥ ሆነሽ የተከታተልንሽ ሰው ነሽ። ዛሬ ቀጥረን እኛው ብናቋርጠው ጥናቱ ይበላሽብናል። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀረው፤ ታገሺን።»

«እንግዲያው ሥራ አጥነቴን እናንተ ትፈልጉታላችሁ ማለት ነው» አለች ጠራዧ።

«በጣም።»

«ለሰው የሚያስፈልግ ነገር በየቀኑ የሚያቀርብ ሰው ሠራተኛ ነው የሚባለው። ሥራ አጥ አድርጋችሁ ቅጠሩኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ዶክተሩ ግን ሐሳቡን በማስታወሻቸው ጻፉት፤ ሁለት ምክትሎቻቸውን ጠርተው ኮሚቴ ተቀመጡበት። ጠራዧን ኮሪደር ላይ አስወጧት።

ኮሪደሩ ላይ የተበታተነው ሪፖርት በሣጥን ተከምሯል። ጠራዧ ገጹ የተዘበራረቀ ወረቀት አይታ ዝም ማለት አትችልም፤ ሌላው ሰው የተጣመመ ሥዕል ሲያይ እንደሚያደርገው እጇ ብቻውን ይነሣል። አንዱን ሪፖርት አውጥታ ጭኗ ላይ ታቀናው ጀመር። ገጽ ለማቀናት ደግሞ የእያንዳንዱን ገጽ የመጨረሻ ቃልና የሚቀጥለውን መጀመሪያ ማንበብ ግድ ነው። እንዲህ እያለች ሰማንያ ስድስተኛው ገጽ ላይ ደረሰች። አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ በስድስቱ ዓመት ውስጥ ከሥራ አጥ ዝርዝር ወደ ሥራ ያላቸው ዝርዝር የተሻገሩ መላሾች ብዛት። ከተጠኑት መቶ ሃያ ሰዎች፣ ዜሮ።

ጸሐፊዋ መጥታ ጠራቻት። ኮሚቴው ወስኗል፤ ሥራ አጥ ሆና ብትቀጠር ከተቀጠረችበት ደቂቃ ጀምሮ ሥራ አጥ መሆኗ ስለሚቀር ሐሳቡ ተቀባይነት የለውም። ዶክተሩ ውሳኔውን ሲያነቡላት በእውነት አዝነው ነበር።

ጠራዧ ሰማንያ ስድስተኛውን ገጽ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው።

«በሚቀጥለው ወር የጥናቱን ገንዘብ የሚሰጡት ረጂዎቻችሁ ይመጣሉ አሉ። ስንት ሰው ሥራ ያዘ ብለው ቢጠይቁስ?»

«እስካሁን ማንም ጠይቆ አያውቅም» አሉ ዶክተሩ።

«እስካሁንማ ይኼ ገጽ መሬት ላይ እየወደቀ ማን አይቶት። እኔ ከሰፋሁት ግን አይወድቅም፤ ሌላ ሰው ከሰፋውም እንዲሁ።»

አንደኛው ምክትል ጣሪያ፣ ሌላኛው ጫማውን ያይ ጀመር። ከዚያ ጫማውን የሚያየው በቀስታ፣ ጥናትን ማቋረጥ ሌላ፣ መሻገር ደግሞ ሌላ ነው አለ። መሻገር እንዲያውም ውጤት ነው። ዜሮ ከነበረው አንድ መሆን በመቶኛ ሲሰላ ልክ የለውም። ዶክተሩ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ቅጥሩ በአሥር ደቂቃ አለቀ፤ ስድስት ዓመት ሲጠና የኖረው ጉዳይ ለካ አሥር ደቂቃ ነበር የጎደለው።

ምድር ቤት ላይ ክፍል ስጡኝ ብትል፣ ክፍሉ ባልተሠራጩ ሪፖርቶች እንደተያዘ ነገሯት። «ታዲያ እነሱ እግር ባይኖራቸውም የሚሸከማቸው አላቸው» አለች። በማግስቱ ተመራማሪዎች ተሰልፈው የገዛ ሥራቸውን አራት ፎቅ ተሸክመው ሲያወጡ ዋሉ። እኅትዬው የወረቀት መጭመቂያዋን ይዛላት መጥታ ነበርና በር ላይ ቆማ፣ ቀስ በሉ፣ እንዳይወድቅባችሁ፣ ዕውቀት ነው እያለች ስታበረታታቸው አረፈደች። ከዚያ ጠራዧን ለብቻዋ ጠጋ አለቻትና ማታ ምን እንድትሠራላት እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ድምፅዋ ወፍራም ነበር።

ረጂዎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው ዶክተሩ አዲስ ምዕራፍ ይዘው ወረዱ። ምዕራፉ ስለ አርባ አንድ መሻገር ነው። «ይነበባል?» አሏት። ከተቀጠረች ወዲህ አንቱ ይሏት ጀምረዋል። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

ጠራዧ ገጾቹን ቆጠረች። መሐል ላይ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ቅጥሩ የተገኘው በጽሕፈት ቤቱ ያላሰለሰ ጥረትና በመሪው አርቆ አሳቢነት መሆኑን ያትታል።

«አንድ ላይ ታጥፎ የሚሰፋው አንዱ እጥፍ አሥራ ስድስት ገጽ ነው የሚይዘው፣ ዶክተር። ይኼ አሥራ ሰባት ሆኗል። አንድ ገጽ ካልወጣለት አይሰፋም።»

አንዲት ትርፍ ቅጠል በሙጫ ገብታ እንደምትያዝ የትም ያለ ጠራዥ ያውቃል። ጠራዧም ታውቃለች።

«የትኛው ይውጣ?» አሉ ዶክተሩ በጭንቀት።

በወስፌዋ ጫፍ ገጹን አሳየቻቸው። ዶክተሩ አነበቡት፤ ደገሙት። ብዕር አውጥተው እጃቸው እየከበዳቸው ከላይ እስከ ታች ሰረዙት፤ ከዚያ ነገ ጠዋት ይደርስላቸው እንደሆነ ጠየቋት።

«ሙጫ ትእዛዝ አይሰማም» አለች ክሯን በሰም እያሸች። «ማክሰኞ ከሰዓት ብቅ ይበሉ።»